ከኮምፓሱ ሥር የሸጎጥኩት

ሞንቴቪዴዎ፣ ነሐሴ 9

ይድረስ ሳልቶ ለምትገኘው ታላቅ እህቴ፣

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? አክስታችንስ ዛሬም ሬዲዮ ውስጥ ከሚያወራው ሰውዬ ጋር ትሟገታለች? ሳሚልኝ። እኔን ብትጠይቂኝ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሌላውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። የደቡቡ ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ ወደቡን ሲያናውጠው ሰንብቶ ትናንት በረደለት። ጀልባችን ሸራ ለብሳ የብስ ላይ ተቀምጣለች።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የማቴ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ብርቱካን አምራቹ ሄራልዶ እንዳገባው ጠየቀኝ ብለሻል። ሰውዬው ብርቱካኑን ትቶ አንቺን ሲያይ እንደሚውል አክስታችን ቀድማ ስለነገረችኝ አልገረመኝም። የገረመኝ ያንቺ መልስ ነው። «በወሩ መጨረሻ እምቢ እለዋለሁ። እንደ እማዬ መርሳት ሲጀምረኝ ሸክሙን ለሰው ልጅ አላወርስም» ብለሻል። ቁም ሣጥኑ ላይ ሁሉ ውስጡ ያለውን ጽፈሽ ለጥፈሻል። የትምህርት ቤቱንም ቤተ መጻሕፍት «ልሳሳት እችላለሁ» ብለሽ ለቀሻል። በአርባ ዘጠኝ ዓመትሽ!

እባክሽ፣ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ለሰውዬው መልስ አትስጪው። እግርሽ ሥር ወድቄ እለምንሻለሁ።

ያን የታኅሣሥ ቀን ታስታውሺዋለሽ፤ እንደምታስታውሺውም አልጠራጠርም። ለመወዳደሪያ ጀልባችን አዲስ ዕቃ ልንመርጥ ቡሴዮ ወደብ ዶን ኤቫሪስቶ ሱቅ ሄድን። ሽማግሌው ሦስት ነገር ደረደረልን፦ እንደኛው ያለ ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኝ ክብ ኮምፓስ፣ ምሰሶ ላይ ታስሮ ቁጥሩን የግድግዳ ሰዓት አሳክሎ የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ፣ ሦስተኛም ከመዳፍ የማይበልጥ ጂፒኤስ። ዓይኔ ጂፒኤሱ ላይ ተተከለ። «ፍጥነታችሁን ይነግራችኋል፣ የሄዳችሁበትንም መንገድ ይመዘግባል» ሲለን አንቺ «የሄድንበትንማ እኛም እናውቀዋለን ዶን ኤቫሪስቶ፤ የምንሄድበትን የሚናገር የለዎትም?» ብለሽ አሳቅሽው።

ከዚያ ኮስተር ብሎ «ልጆች፣ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። ጀልባዋ ላይ የሚያነበው ማነው?» አለን። «እኔ ነኝ» አልሽው። እኔ ደግሞ «ለጊዜው» አልኩ። ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀልኝም።

«በእናንተ ውድድር ጂፒኤስ ክልክል ነው፤ ለልምምድ ከሆነ ግን ጥሩ ነው» ብሎ መከረን። «ጂፒኤስ የት እንዳለሽ ይነግርሻል። ነፋሱ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚነግርሽ ኮምፓስ ነው፤ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠ ጥሩ ዓይን።» አንቺ አሮጌው ይበቃናል፣ ፈሳሹን ብቻ እናስሞላለት አልሽ። እኔ አኮረፍኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። በመጨረሻ «ግዥው በቃ፣ ለልምምድ ይሁንሽ» ብለሽኝ ብስክሌትሽን ልትፈቺ ወጣሽ።

አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው ዶን ኤቫሪስቶ ጂፒኤሱን ውሃ የማያስገባ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፏን ጠቅ አድርጎ የዘጋት። «አየሽ የኔ ልጅ፣ መዝጊያዋ ማግኔት ነው። ከኮምፓሱ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቂያት፤ አለዚያ ታሳብደዋለች» አለኝ። እሺ አልኩት። በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ስድስት ዓመት ከፊቴ ተቀምጠሽ ቁጥር ስታነቢልኝ ኖረሻል። የኛ ውሃ ላይ ነፋስ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም፤ አሥር ዲግሪ ወዲህ፣ አሥር ዲግሪ ወዲያ ይላል፤ ቀድሞ ያወቀበት ያሸንፋል። ወደ ምልክቱ ሲያቀርበን «ሰጠን!» ትያለሽ፣ እገፋለሁ። ሲያርቀን «ነሳን!» ትያለሽ፣ አዞራለሁ። መሪው በኔ እጅ ይሁን እንጂ ጀልባዋን የምትነዳት ያንቺ ድምፅ ነበረች። ይህን አንድ ቀን እንኳ በአፌ አልነገርኩሽም።

የካቲት ላይ ፖርቶ አሌግሬ ለሚደረገው ትልቅ ውድድር የሚያልፉ አምስት ጀልባዎች የሚመረጡበት ውድድር መጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ልንነሳ ስንል ዳኞቹ ዕቃ እየፈተሹ ወደኛ ሲመጡ ጂፒኤሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደነገጥኩ። አጥፍቼ ከነከረጢቱ የጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ፣ ልክ ከኮምፓሱ ሥር ሸጎጥኩት። ሰዎቹ አላዩትም። እኔም ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብረን አይተነዋል። ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ ሲዞሩ አንቺ «ሁለት መቶ አሥር፣ እንዳለ ነው» ትያለሽ። ሸራው ሲንቀጠቀጥ «ሁለት መቶ አሥር» ትያለሽ። በሁለተኛው ቀን «ጉንጬ ላይ ነፋሱ ተቀይሯል፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ኮምፓሱን ዛሬ ያመመው ይመስለኛል» አልሽኝ። «ኮምፓስ አይታመምም፤ ዝም ብለሽ በትክክል አንብቢ!» ብዬ ጮህኩብሽ።

በሦስተኛው ቀን የጀልባ ክበባችን በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ ያልኩሽን እዚህ አልደግመውም ብዬ ነበር። ግን ልድገመው፤ እኔም ልስማው። «ቁጥር ማንበብ ያቃተው ሰው ጀልባ ላይ ምን ይሠራል? ለክብደት ከሆነ አንድ ከረጢት አሸዋ ይበቃኛል» አልኩሽ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንቺ ገመዱን ጠቅልለሽ ጨረስሽ፣ ሰቀልሽው፣ እጅሽን ታጠብሽ፣ ሄድሽ።

በማግሥቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብለሽ «አይቼ ነው የነገርኩሽ። አይቼ ነው ብዬ እምላለሁ። ካላየሁት ግን… እማዬም እንዲህ ነበር የጀመራት» አልሽኝ። እማዬ የምድጃውን ሰዓት አንብባ ስትሳሳት እንዴት እንደሳቅንባት አነሳሽ። ከዚያ «ሌላ ሰው ፈልጊ» አልሽኝ። ጀልባችን በአምስተኛነት ለጥቂት አልፋ ነበር። እኔም ሌላ ሰው ፈለግሁ፤ ለመፈለግም ጊዜ አልወሰደብኝም። ያኒና ከአንቺ ሃያ ዓመት ታንሳለች፣ ክብደቷም ቀላል ነው፣ ከድሮም ዓይኗ ጀልባችን ላይ ነበር።

ከረጢቷን ያገኘኋት ጀልባዋን ሳጥብ ነው። በመዳፌ ይዤ ወደ ኮምፓሱ ሳስጠጋት መርፌው ሃያ ዲግሪ ሄደ። ሳርቃት ተመለሰ። ደግሜ አስጠጋኋት፣ ደግሞ ሄደ። ቁጭ አልኩ።

እህት ዓለም፣ ቁጥሩን በትክክል አንብበሽ ነበር። ያነበብሽው ያየሽውን ነው። ኮምፓሱን ያሳበድኩት እኔ ነኝ። ጉንጭሽም ልክ ነበር። አንቺ ምንም አልሆንሽም! የለጠፍሽውን ወረቀት ሁሉ ቅደጂው። ሐኪም ዘንድ ሂጂና እሱም ይንገርሽ፤ ግን ለሰውዬው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሂጂ።

ፖርቶ አሌግሬ ላይ አሥራ አራተኛ ወጣን። ያኒና ጎበዝ ናት፣ ያን ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስም ገዝቼ ቁጥሩን ምሰሶው ላይ ትልቅ አድርጌ ሰቅዬላታለሁ። ነፋሱ ጉንጯ ላይ ምን እንደሚል ጠይቄያት «ምን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን ውሃ አላስነካኋትም።

አሁን መቼ አገኘሻት ትይኛለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ ግን የጠራው ሐሙስ ቀን ነው፤ የፖርቶ አሌግሬ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ የያኒና ስም በሰፈረ በማግሥቱ። አንቺ ወደ ሳልቶ የተሳፈርሽው ቅዳሜ ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብለሽ «አንቺ፣ እጅሽን ከኪስሽ አውጥተሽ እንኳ አትሰናበቺኝም?» አልሽኝ። «በርዶኝ ነው» አልኩሽ። በየካቲት ሐሩር፣ ላብ እስከ አንገቴ እየወረደ፣ ኪሴ ውስጥ ያቺን ከረጢት ጨብጬ ነበር።

ምርቃት ከኔ አፍ የሚያምር አይደለም፤ ቢሆንም እመርቅሻለሁ። ብርቱካኑ ያፍራልሽ፣ ቤትሽ በሰው ይሙላ፣ የእማዬ አምላክ ዓይንሽንም ልብሽንም ይጠብቅልሽ። ለሄራልዶ እሺ በይው። ለኔ ያሻሽን መልሽልኝ።

ታናሽሽ