ለእማዬ ነፍስ የተቆፈረው ጉድጓድና የገዛሁት ከሰል

ውድ ወንድሜ ቶዴር፣

ጤናህ እንዴት ነው? የቱሪን ብርድ ወገብህን ተወት አደረገህ ወይ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጅህ ኢሊንካ ታማ ነበር፣ አሁን ድናለች። ይህን አስቀድሜ ነገርኩህ፤ ተረጋግተህ አንብብ። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይነሱ ነው።

የሚስትህ የሳፍታ ጡት ከደረቀ ወዲህ የዱቄቱን ወተት የምትበጠብጠው በደጃችን ጉድጓድ ውሃ ነበር። በበጋው ውሃው ሽታ አመጣ። የውሃ ማጣሪያ ከሰል ልገዛ ቦቶሻኒ ስወርድ አባባ «ከሰል ፍለጋ ከተማ? ምድጃችን ምን ጎደለው? ነጋዴ የሚወደው እንዳንቺ ያለውን ነው!» ብለው ሳቁብኝ።

ሻጩ ከድንጋይ ከሰል፣ ከእንጨትና ከኮኮናት ቅርፊት የተሠሩትን አሳየኝና «ውሃው ምን ሆነ?» አለኝ። «ይሸታል» አልኩት። «በይ የኮኮናቱን ውሰጂ፣ ሽታ የሚባል አያሳልፍም» አለ። አልዋሸም። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ፤ እኔም ጎረቤት እየጠራሁ እያስቀመስኩ ስኮራ ሰነበትኩ።

ከዚያ የኢሊንካ ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ሆነ። ይዘናት ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሟ «ከሰሉ ሽታውን ይዟል፤ ከከብቶቻችሁ በረት ፍግ ወደ ጉድጓዱ የሚሰርገውን ናይትሬት ግን አይዝም። ትልቅ ሰው ይችለዋል፤ ሕፃን ደም ውስጥ ሲገባ ግን አየር ያሳጣል። ብታፈሉት ይብሳል እንጂ አይጠፋም» አለችን። በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተው አተረፉልን። ቶዴር፣ በገዛ እጄ እያጣራሁ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሁን የቸገረኝ የአባባ ነገር ነው። ጉድጓዱን ለእማዬ ነፍስ ብለው ቆፍረው ለመንገደኛ እንደተዉት ታውቃለህ፤ የጠጣ ሁሉ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ያልፋል። ይዘጋ ስላቸው «የገዛ እናቷን ጸሎት የምታስቀር ልጅ ወለድኩ!» ብለው ኩርፊያ ያዙ። እፊቴ እየቀዱ ይጠጡና «ይኸው አልሞትኩም» ይላሉ።

ትናንት ጎረቤታችን ዶሪና ባልዲ ይዛ መጣች። የእሷም አራስ ልጅ የጡጦ ነው። አትቅጂ አልኳት። አባባ «እሷን አትስሚያት» ብለው ራሳቸው ሞሉላት። ባልዲውን ደፋሁት። አባባ እጃቸውን አነሱብኝ፤ ግን አልመቱኝም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ ቱሪን በሚሄደው አውቶቡስ በሳፍታ እጅ እልከዋለሁ፤ እንደደረሰህ ሳትውል ሳታድር ደውልላቸው። እማዬ በሕይወት ብትኖር ባልዲውን የምትደፋው እሷ ነበረች በላቸው። እስከዚያ ከጉድጓዱ አፍ አልነሳም፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው።

ሳፍታ በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ኢሊንካን ጉንጯን ስሜልሃለሁ፤ ቀይ ነው። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም፤ እኔ ግን በስማቸው ሰላም ብዬሃለሁ።

እህትህ ፓራስኪቫ
ቫሌያ ሌኡሹ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2009