በድንጋዩ ግድግዳ ሥር የተኙት

ታኅሣሥ 3 ቀን 1948
ሰሊጡ መጋዘን ገባ። ጥር ላይ የሸራ ጀልባው አዛዥ ናኾዳ ጀላሉ በሳንቡቁ ወደ ኤደን ይወስድልናል። ጠንቃቃ ሰው ነው። የተቀደደ ጆንያ አይጭንም፤ መርዝ የጠረጠረበትንማ ዞሮም አያይም። ዛሬ አንዱ ጆንያ ጥጉ ተቆርጥሞ አገኘሁት። አይጥ... የዓመት ልፋታችንን ሊበላ።

ታኅሣሥ 5
ሸሪኬ ሳኒ መርዝ ይዞ መጣ። እንቢ አልኩ። አንድ የሞተ አይጥ ከተገኘ ጭነቱ በሙሉ እንደሚቀር ነገርኩት።
«ታዲያ ልትመክራቸው ነው?» አለ።
ጆንያዎቹን ረጃጅም እግር ባለው ጣውላ ላይ ደረደርን። እግሮቹን በቆርቆሮ ጠቀለልን፤ አይጥ አይወጣባቸውም። ወለሉን በየማታው ልንጠርግ ተስማማን።

ታኅሣሥ 11
ጠዋት በባሕሩ በኩል ባለው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አይጦች ሞተው አገኘሁ። ቀዝቃዛ፣ ኩርምት ያሉ። ሳኒ ላይ ጮህኩ። ወላሂ አልነካሁም ብሎ ማለ። ባለቤቴ ሁሪያ በአካፋ አውጥታ ደጅ ጣለቻቸው።
ፀሐይ ስታገኛቸው ተነሥተው ሮጡ።
«ሬሳዎችህ ቤታቸው ገብተዋል» አለችኝ እየሳቀች።
አልሞቱም እንግዲህ። ታዲያ ምን ሆነው ነው?

ታኅሣሥ 18
ሁለት ይዤ በየጣሳው አስቀምጫቸው ነበር። አንዱን አጠግባለሁ፤ ለሌላው ቁንጥር ብቻ። የጠገበው ሲቧጭር ያድራል። የራበው ጠዋት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሹ በግድ ነው የሚታየው። ፀሐይ ያሞቀው የቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ ሳስጠጋው ተንቀጠቀጠ... ነቃ።
ገባኝ። ምግብ ሲያጣ ገላውን ያቀዘቅዛል፣ ማገዶ እንደሚቆጥብ ሰው። ለመተኛት ቀዝቃዛውን ድንጋይ ይመርጣል። ለመንቃት የፀሐይን ሙቀት ይጠብቃል፤ የራሱን አያባክንም። ከብዙ ነጋዴ ይሻላል።
እንግዲያው ማስራብ ነው። ከዚያ እንደ ፍሬ መልቀም።

ጥር 2
አንዲት ፍሬ መሬት ላይ አላስቀርም። ፀሐይ ሳትወጣ የተኙትን በባልዲ ሰብስቤ ወደ ራሔይታ በሚወስደው መንገድ ርቄ እደፋለሁ። ሳኒ የአይጥ ሞግዚት ይለኛል። ይበል። ጆንያ ከተነካ ሰነበተ።

ጥር 12
ጀላሉ መጣ። ለጭነት ብለን ጆንያዎቹን ትናንት ማታ አውርደን በድንጋዩ ግድግዳ ሥር አሳድረናቸው ነበር። ምን ነካኝ? ሥሩ የተኛ መኖር አለመኖሩን እንኳ አላየሁም። ጀላሉ እየመረመረ ሄዶ ከሁለት ጆንያዎች መሀል አንድ አይጥ በጭራው አንጠልጥሎ አወጣ። ቀዝቃዛ።
«መርዝ አድርገሃል» አለ። ዞሮ ሊሄድ ነው።
«ናኾዳ፣ አልሞተም። ፀሐይ ላይ ያስቀምጡልኝና ካልተነሣ አይጫኑልኝ።»
ሳኒ ፊቱ ተለወጠ። የሞቀው ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጥነው። ቆምን። ምንም... ጀላሉ መልሕቅ ሊያስነሣ ሰው ሲጠራ ሰማሁ። ዓይኔን ከአይጡ ላይ አላነሣሁም።
ጢሙ ተነቃነቀ። ከዚያ ገላው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ድንገት ተነሥቶ በጀላሉ እግር ላይ ተሻግሮ ጠፋ።
ጀላሉ ብዙ ሳቀ። «ሲርበው የሚተኛ መርከበኛ ባገኝ ዛሬውኑ እቀጥር ነበር» አለ።
ጫነ። ሁሉንም።
ማታ መጋዘን ስገባ ሳኒ ቀድሞኛል። መጥረጊያውን ይዞ ባዶውን ወለል እየጠረገ ነበር።