የአባቴ ቤት፣ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን

ረቡዕ

ዛሬም ናፍጣ። ምሳ ላይ ናፍጣ፣ ከምሳ በኋላ ናፍጣ። ግርማ ጫት ሊቅም ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ "ወርቄ፣ ናፍጣ ነው አልኩሽ፣ አለቀ!" አለኝና ሄደ። ማን ጨረሰው? እኔ እዚህ የስፌት መኪና ላይ ጎብጬ የሰው መጋረጃ ስዘመዝም እውላለሁ፤ ባሌና ጓደኞቹ መቃሚያቸው ተጋድመው በእኔ ብር ይጨርሳሉ።

አዎ፣ የእኔ ነው። አባቴ ዕድሜውን ባቡር ላይ ሠርቶ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር የገዛት ቤት ነበረች። ባለፈው ወር ሸጥናት። የተፈራረምን ቀን ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ግርማ ወደብ ላይ ከሚሾፍርበት ሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ቤት ውሎ ቤት እያደረ ሰውነቱ ሲያልቅ እያየሁ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሐሳቡም ክፉ አልነበረም። ለበረሃ የሚሆን ትልቅ ያገለገለ መኪና ገዝተን ቱሪስት አሳል ሐይቅ ማመላለስ። እሱ ሾፌር፣ እኔ ባለቤት። አባቴም ቢሆን በመንገድ ሥራ የኖረ ሰው ነው፣ አይቀየመኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አሁን የቀረቡልን ሁለት ናቸው። የማዳም ቤንዚንና የአብዲ ናፍጣ። ማዳም ደንበኛዬ ናት፣ አስተማሪ፣ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። አብዲ ደግሞ የግርማ የጫት ጓደኛ፣ የመኪና ደላላ።

ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው።

ናፍጣ፦ ትንሽ ይጠጣል። ጉልበት አለው፣ አሸዋ ላይ አይለግምም። ግን ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ፖምፓው የተበላሸ ቀን ጉድ ፈላ።

ቤንዚን፦ እንደ ጉድ ይጠጣል። ግን ጥገናው ቀላል ነው። ድምፅ የሚባል የለውም። የማዳም ሲነሳ አጠገቡ ቆሜ ተነሳ ወይስ አልተነሳም ብዬ ጠይቄያለሁ።

አሳል እንደሆነ ጠዋት ተሂዶ ለምሳ የሚመለሱበት ነው። ምን ያህል ቢጠጣ ነው?

ሐሙስ

የአብዲን መኪና ካርቲየ 6 ጋራዥ ሄደን አየነው። ያው ከጫት በኋላ ነው። እዚህ ከተማ ጠዋት መኪና የሚገዛ ሰው አላየሁም። ሻጭም ገዢም መርቅነው፣ ሁሉም ነገር በሚያምርበት ሰዓት ነው የሚጨባበጡት። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልቃምኩት፣ ለዚህም ነው መሰለኝ እንደ ቀረጥ ሠራተኛ ያዩኝ።

ነጭ ነው። ትልቅ። እጄን ኮፈኑ ላይ ባደርግ ግለቱ ሊልጠኝ። "አሁን ከሥራ ገባ" አለ አብዲ። በአንድ ቁልፍ ተነሳ፣ ግርማ እሱ የወለደው ይመስል ዞሮ አየኝ። ጩኸቱ! እየተጯጯህን ነው ያወራነው።

የኋላውን በር አስከፈትኩ። ወንበር የለም። ባዶ ብረት፣ ዳርና ዳር ገመድ። ቱሪስቱ ምን ላይ ይቀመጣል ብል ሁለቱም ሳቁ። ወንበር ይገዛል ተባለ። ከሥሩ ደግሞ ሁለተኛ የነዳጅ ሰልባቲዮ አስገጥመውለታል። አብዲ ጎንበስ ብሎ እያሳየኝ "ማደያ ሳትረግጪ ኦቦክ ደርሰሽ ትመለሻለሽ፣ ደግመሽም ትሄጃለሽ" አለ። ግርማ ሳለ።

ለምን ሳለ?

ዓርብ

ጠየቅኩት። አሳል ለመሄድ ሁለት ሰልባቲዮ ምን ያደርጋል? ኦቦክም ቱሪስት አለ፣ ባሕር አለ፣ አለኝ። በዚህ በሚጠብስ ሰኔ? ወንበር በሌለው መኪና? ተነጫነጨ። "ሴት ልጅና ሞተር ምንና ምን ናቸው" አለ። እሺ። ሽሮውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቃሉን ለአብዲ ሰጥቶ ኖሯል። ሰው ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አታዋርጂኝ ይለኛል። እኔስ? የአባቴ ቤት ስትሸጥ ማን ፊት ነው ቃል የተሰጠኝ!

አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ብሩ ያለበትን የሣጥን ቁልፍ ማተቤ ላይ አስሬዋለሁ። ሲተኛ አይቶታል፣ እጁን ግን አልዘረጋም። ይሄን እንኳ እንደ ድል ልቁጠረው።

ቅዳሜ

መብራት ጠፍቶ ዋለ። በእጅ ሰፋሁ፣ ላቤ ጨርቁን እስኪያበላሸው። ማዳም ደወለች። ሌላ ገዢ ሰኞ ከሰዓት ሊያየው ይመጣል፣ አንቺን ግን አስቀድማለሁ አለች። ለግርማ ብነግረው "የሀብታም መኪና" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እንዲህ አልነበረም። ድሮ ጨርቅ ስገዛ እንኳ አብሮኝ ገበያ ቆሞ ቀለም የሚመርጥ ሰው ነበር።

እሑድ

ምነው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ባልሄድኩ። ወይም ምነው ቀደም ብዬ በጠየቅኩ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አልማዝ ጋ ቁጭ አልኩ። ወደ የመን ሊሻገሩ ከአገር ለሚመጡት ልጆች ምግብ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው፣ ከልጆቹ የማይሰሙት የለም። መኪና ልንገዛ ነው፣ የአብዲን ነጭ ናፍጣ፣ አልኳቸው። ጭልፋቸውን አስቀመጡ። "ወርቅነሽ፣ አላወቅሽም እንዴ?" አሉኝ።

ልጆቹን ኦቦክ ባሕር ዳር የምታራግፈው መኪና ናት። ወንበር የሌላት እንደ ከረጢት ስለምትጭናቸው ነው። ሁለተኛው ሰልባቲዮ ማደያ ላይ ቆማ እንዳትታይ ነው። የቀድሞው ሾፌር ተይዟል። አዲስ ሾፌር ተገኝቷል፣ ባለመኪናም እሱው ነው፣ ሐበሻ ነው፣ ብለዋቸዋል ልጆቹ። እትዬ አልማዝ ዐይኔን ማየት አቅቷቸው ድስቱን ያማስላሉ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ ሽንኩርታቸው አቀረቀሩ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠየቅኩት። አልካደም። ይሄ ነው የገደለኝ፣ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። በሰኔ የትኛው ቱሪስት ነው የሚመጣው አለ። እነሱ እንደሆነ እኔ ብጭናቸውም ባልጭናቸውም ይሄዳሉ፣ በእግራቸው ሲሄዱ እኮ ነው በውሃ ጥም መንገድ ላይ የሚቀሩት፣ እኔ ብጭናቸው ይተርፋሉ፣ አለ። ደግሞ እኮ ሲናገረው ያምንበታል።

"እንዲያ ካዘንክላቸው በነጻ ጫናቸዋ!" አልኩት። "ውሃ ይዘህላቸው ሂዳ! የአባቴን ቤት ሽጬ የሰው ልጅ ባሕር አፋፍ የሚደፋበት መኪና አልገዛም!"

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ጎረቤት ሰምቷል፣ ይስማ። እሱ ጫማውን አድርጎ ወጣ። አሁን ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። ጠላሁት ልል እፈልጋለሁ፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ሰኞ

ገዛሁት። በጠዋት፣ ማንም ሳይቅምና ሳይመረቅን። ሊብሬው በስሜ ነው፤ ወርቅነሽ ተብሎ፣ ከነአባቴ ስም። ስም የሚዛወርበት ቢሮ በር ላይ ቆሜ የአባቴን ስም ደጋግሜ አነበብኩት።

ማዳም እስከ ቤቴ ነድታ አድርሳኝ፣ ቁልፉን ሰጥታኝ በታክሲ ሄደች። እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ መንዳት አልችልም። ካርቲየ 2 ጠባብ መንገድ ላይ ይሄን የሚያህል መኪና ገትሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ እያለኝ፣ እኔ መስታወቱን በጨርቅ እወለውላለሁ።

ግርማ መጣ። ዞረው። ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ። "እስቲ ንጂው" አለኝና ገባ። አብዲ ፊት ምን ይዤ ልቅረብ ነው ጭንቁ፤ የእኔ ፊት ምንም አይደል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ሾፌሩ አንተ ነህ፣ አሳል ከሆነ" አልኩት። አልነካውም። እራት ቀርቦ ቁልፉ በመሃላችን ተቀምጦ ነበር፣ እንጀራውን እያሳለፍን በላን።

መርጫለሁ። ትክክል ነው የመረጥኩት። ታዲያ ለምንድን ነው የተሸነፍኩ የሚመስለኝ?

ማክሰኞ

መኪናው የለም።

ነግቶ ስወጣ መንገዱ ባዶ ነው። ቁልፉ የለም፣ ግርማ የለም፣ ስልኩ ዝግ ነው። ሲነሳ አልሰማሁም። ናፍጣው ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሶ ነበር የሚሄደው። ድምፅ የለውም ብዬ ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ አጠገቤ ሆኖ ተነስቶ ሄደ!

ጓዳ ገባሁ። ውሃ የምናጠራቅምባቸው ቢጫ ጀሪካኖች የሉም፣ ሁሉም። እዚያው ቁጭ አልኩ። የማዳም መኪና ሰልባቲዮው አንድ ነው፣ ኦቦክ ደርሶ ለመመለስ ቤንዚን በጀሪካን መያዝ አለበት። እንዲያ ከሆነ የአባቴ ስም ያለበት መኪና አሁን ልጆቹን እየጫነ ነው።

ወይም ደግሞ እሑድ ውሃ ይዘህላቸው ሂድ ያልኩትን ሰምቶኛል።

ግቢ ወጥቼ ቧንቧው ሥር ጎንበስ አልኩ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። በዚህ ሙቀት እርጥብ ሆኖ የቆየው ብዙ ውሃ ስለፈሰሰበት ነው። ጀሪካን ሲሞላ ነው እንዲህ የሚፈሰው። ፊቱን ሲታጠብም ይፈሳል። ግርማ ሲታጠብ ደግሞ ቧንቧ መዝጋት አያውቅም።

እጄን አሳርፌበት ቆየሁ። የሰውን መጋረጃ ዛሬ ማድረስ ነበረብኝ፣ አልነካሁትም። ፀሐይዋ እዚህ ደርሳለች፣ ሲሚንቶው ከዳር ከዳር እየደረቀ ነው። በሩን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ያን ድምፅ የሌለውን መኪና ሲመጣ እንኳ አልሰማውምና፣ ዐይኔን ከመንገዱ አላነሳም።