ሁለት ሚሊሜትር የዛነፈው የአራተኛው ጉድጓድ ግራፍ

ለተከበሩ የውሃ ጽሕፈት ቤታችን የሪፖርት ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደ ማስመሪያዎ የቀና፣ ሰላምዎም ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአራቱን የሰፈር ጉድጓዶች ምርመራ በኮምፒውተር ኮድ ግራፍ አድርጌ የሳልኩት የመረጃ ባለሙያዎ ነኝ፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. አራቱን ግራፎች በአንድ ገጽ፣ በአንድ የጋራ መለኪያ ደርድሬ ሳቀርብ የሦስቱ ጉድጓዶች ጀርም መሬት ለመሬት ሲሄድ የአራተኛው ጣሪያ ነክቶ ነበር። እርስዎም ሦስቱ የግራፍ ሣጥኖች ባዶ መስለው ገጹን እንዳበላሹት በመገንዘብ፣ እያንዳንዱ በራሱ መለኪያ ሣጥኑን እንዲሞላ አዘዙ። ሁለት ጀርምና አራት መቶ ሰማንያ ጀርም በቁመት እኩል የሆኑት በእርስዎ ፍትሐዊነት ነው።

2. ይህም ሆኖ የአራተኛው ሣጥን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ መዛነፉን በማስመሪያ ለክተው ደረሱበት። የገፋው በጎኑ የተጻፈው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር መሆኑን ባስረዳሁዎ ጊዜ፣ ቁጥሮቹ በሙሉ ይነሡ ብለው ነገሩን ከሥሩ ነቀሉት።

3. ሰው ውሃውን እየጠጣው ነው ብዬ ስጣደፍ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ብለው በአባትነት መክረው ወረቀቱን ዘጠኝ ጊዜ መልሰውልኛል። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ሪፖርቱ በመጨረሻ የቀረበላቸው የምክር ቤቱ አባላትም አራቱ ጉድጓዶች አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይተው፣ የገጹን ጥራት አመስግነው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ቁጥሩን የሚያጠፋውን የኮድ መስመር የጻፈችው ጣት የእኔ ናት። ያሳደገችኝ አክስቴ ከአራተኛው ጉድጓድ እንደምትቀዳ እያወቅሁ፣ ሪፖርቱ ቶሎ ካለፈ ጉድጓዱ ቶሎ ይዘጋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አፍሬያለሁ። እርስዎ በሥራ ብዛት ለማፈር ጊዜ እንደማያገኙ እረዳለሁ፤ ጉድጓዱን ለማስዘጋት ግን አንዲት ፊርማ ትበቃለች፣ ቀጥ ብላ መፈረም የለባትም።

ትእዛዝዎን እስከ መጨረሻዋ ሚሊሜትር የፈጸምኩ፣
ከመስኮቱ አጠገብ የምቀመጠው ታዛዥዎ

ማስታወሻ፦ በሐኪም ቤቱ፣ ከአራተኛው ጉድጓድ የቀዱት በተኙበት ክፍል ስድስት አልጋዎች ተደርድረዋል። ማስመሪያዎን ይዘው ቢመጡ ደስ ይልዎታል። ከትናንት ጀምሮ የአክስቴ አልጋ ባዶ ነው፤ መስመሩ ግን አልተዛነፈም።