የእትዬ ስቶያንካ አረንጓዴ ካፖርት

ልጄ ራዲና፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ ከመድረክ ስትወርጂም መንገድሽን ብርሃን ያድርግልሽ። እዚህ ፕሎቭዲቭ ግን ግቢያችን ጨልሟል።

ጎረቤታችን እትዬ ስቶያንካ አረፉ። የሞታቸው ማስታወቂያ በራችን ላይ ከተለጠፈ አርባ ቀን ሞላና እንደ ወጉ ልብሳቸው ለጎረቤት ተከፋፈለ። በልጅነትሽ የገዛሁልሽን አዲስ ካፖርት ንቀሽ ለግቢያችን ቴአትር ትለብሺው የነበረውን አሮጌ አረንጓዴ ካፖርታቸውን ግን የሚነካው ጠፋ።

ጋሽ ኪሪል፣ «ይሄማ የራዲና ነው! ለሌላ ብንሰጠው ሴትዮዋ ከመቃብር ተነሥተው ይሰድቡናል» አሉ። አንድም የሳቀ የለም።

አምጥቼ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ሰቀልኩት። ትናንት ለካሁት፤ ድሮ ይጠበኝ ነበር፣ አሁን እንደ ድንኳን ሰፋኝ። እበላለሁ፣ አታስቢ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የእኔ አርባ ደርሶ ካፖርቱን ጎረቤት ከሚሰጥሽ፣ እኔው በእጄ ላልብስሽ። ቶሎ ነይ።

እናትሽ