ሆን ተብሎ ክፍት ስለተተወው እግሬ

ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ቢያዝን፣ የፋብሪካችን ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የአሻጥር መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም በስብሰባ ላይ ባይነሣም የልጄ የክርስትና አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ሁለቱ እግሮችዎ ደኅና እንዲሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ፤ ከሆስፒታሉ እስከ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ያን ያህል ፈጥነው የሚያደርሱ እግሮች ለአብዮቱ ያስፈልጋሉና። እኔ በምርኩዝ ደኅና ነኝ።

ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ሂሱን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ እንዲለጥፍ ባለፈው ስብሰባ ስላበረታቱን፣ እኔም የጥጥ መጋዘኑ ጫኝና አውራጅ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በምርት ውድድሩ ሰሞን የጥጥ ጥቅሉ ከልክ በላይ እንዲከመር ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ክምሩ ተንዶ እግሬ ላይ ባያርፍ ኖሮ የዶክተር አበራን ሙያ ለማየት ባልታደልሁ ነበር። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ባቴ ግን ውስጥ ውስጡን አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ጣቶቼም ደነዘዙ። ዶክተሩ ሥጋው በገዛ ሽፋኑ ታፍኖ ደም እንዳጣ፣ ካልተከፈተም እግሬ እንደሚሞት አስረድተውኝ ባቴን ግራና ቀኝ ቀደዱልኝ። እግሬ ነፍስ ዘራ።

፪ኛ. ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ቁስሉ ሳይሰፋ አፉን ከፍቶ ቢያዩት ደነገጡ። እኔም ሞኙ፣ አበልጄ ተጨነቀልኝ ብዬ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርሁዎ፦ ዶክተሩ ረስተውት እንዳልሆነ፣ እብጠቱ እስኪጎድል ሆን ብለው ክፍት እንደተዉት፣ በመጪው ሐሙስ ደግሞ እንደሚሰፉት፣ ከዘገየም ቆዳው እየሸሸ ከንፈርና ከንፈሩ እንደማይገናኝ። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ብርቱካኑን ልጠው አጎረሱኝ። ከዚያ ሄደው የላብ አደሩን ቁስል ሆን ብሎ ክፍት የሚተው ሐኪም እንዳለ ለኮሚቴው አመለከቱ።

፫ኛ. ስለ ምርመራው ፍጥነት አመሰግናለሁ። ዶክተሩ ሆን ብለው ክፍት ትተውት እንደሆነ ተጠየቁ፤ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና አዎን አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ ሲሉ ሰማሁ። የተወሰዱት በዚያው ሐሙስ ጧት፣ እኔ ጾሜን አድሬ ስጠብቃቸው ነው። ነርሷ ሰገነት ቁስሉን በየዕለቱ እያጠበች ብታቆየኝም ቆዳው አልጠበቀንም። በመጨረሻ ከጎንደር የመጣ ሐኪም ከጭኔ ቆዳ ገፎ ባቴን ጣፈልኝ። ሸክም ከእንግዲህ አልችልም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህ በላይ ማመስገን አቃተኝ። ባዳ ቢያደርገው ኖሮ የባዳ ሥራ ነው ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ደቅ ደሴት ድረስ በታንኳ ተሻግረው ልጄን ከካህኑ እጅ የተቀበሉ ሰው ነዎት። ያመንሁዎት ለዚህ ነበር። ከቁስሉ ይልቅ ያንገበገበኝ፣ ዶክተሩን ያሳሰረው ቃል ከእኔ አፍ መውጣቱ ነው፤ እርሳቸውም እስከ ዛሬ አልተፈቱም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ለኮሚቴው የነገሩት የነገርሁዎን ግማሹን ነው። ሊሰፉት ቀን ቆርጠው እንደነበረ የነገርሁዎን ሌላውን ግማሽ ደግሞ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ይንገሩልኝ።

ስለ ብርቱካኑ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣ በተጣፈ እግሬ ቆሜ እጅ የምነሣ፣
አበልጅዎ አካሉ

ተጨማሪ፦ ይህን ማን እንዳስጻፈኝ በመመርመር እንዳይደክሙ አስቀድሜ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ማንም አላስጻፈኝም፣ ሆን ብዬ ነው የጻፍሁት። ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ለዶክተሩ በምታደርሰው ስንቅ ላይ የእኔንም መጨመር አይከብዳትም፤ የወህኒ ቤቱን መንገድ ለምዳዋለች።