ግድግዳዎ ላይ ስለተሰቀለው የፈረስ ጌጥ

ለክቡር አቶ አምባዬ
የውጭ እሽጎች ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ከተቻለ ከምስማሩ እንዲያወርዱልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተር የሚዞር፣ የከሰዓቱም አቧራ ወደ ሌላ ሰው መስኮት የሚነፍስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ክፋት አስቤ ሳይሆን፣ የማመልከቻ መቀበያ መስኮትዎን ከዚህ በላይ ላለማጨናነቅ ብዬ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ጊዜ ሰብሳቢ ሆኜ የማላውቀውን ሰው በስተርጅና የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስላደረጉኝ፣ ውለታዎን ሳልመልስ እንዳልሞት እሰጋለሁ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመነሻው ላስረዳ። ጎረቤቴ ኦቦ ጫምሳ ባጃጅ መንገዱን እስኪወርስ ድረስ በዚህ ከተማ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ዳማ ሲሞት ጋሪውን ለማገዶ ሰጡና የዳማን የግንባር ጌጥ ብቻ አስቀሩ። አባታቸው ሻሸመኔ ሳሉ በእጃቸው የሰፉት የቆዳ ጌጥ ነው፤ ከቀይ የሱፍ ክር የተሠሩ ድቡልቡል አበቦች፣ ትንንሽ መስታወቶችና አንዲት ቃጭል አሉት። የወንድማቸው ልጅ ሌንሳ የስልክ ሽፋን የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እዚያው ሆና የአገር ቤት ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ ለባሕር ማዶ ሰዎች መሸጥ ጀምራለች። ጌጡን አይታ፣ «አባባ፣ ይሄኮ ፈላጊው ብዙ ነው» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ዋጋውን አልጠየቁም። የጠየቁት፣ «የሚገዛው ሰው ፈረስ አለው?» ብለው ነው። «እሱን በምን አውቃለሁ?» አለች። «እንግዲያው ጠይቂያ! ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ከሆነ እዚሁ ከእኔ ጋር ያርጅ» አሉ፤ ሌንሳም ማስታወቂያው ሥር «ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል አይሸጥም» ብላ ጻፈች።

ጨረታው በሚዘጋበት ከሰዓት ሁላችንም በሱቁ ውስጥ አንዲት ስልክ ከበን ቆምን። ዋጋው በየደቂቃው ሲወጣ ኦቦ ጫምሳ፣ «በእጃቸው እንኳ ሳይነኩት? እነዚህ ሰዎች ደኅና ናቸው?» እያሉ ስለ ተጫራቾቹ ጤንነት ይጨነቁ ነበር። ያሸነፈችው አንከ የምትባል የሆላንድ ገጠር ሴት ናት፤ በመንደሯ የፈረስ በዓል ላይ ጋሪ የምትጎትት ባዝራ እንዳለቻት ጽፋ የባዝራዋን ፎቶ ላከች። ኦቦ ጫምሳ ፎቶውን ከዓይናቸው አርቀውም አቅርበውም አዩትና፣ «ባሬዱ! ቆንጆ ናት፤ ግንባሯም ሰፊ ነው፣ ይሆናታል» ብለው ፈቀዱ። የቀረን ነገር ቢኖር እሽጉን ወደ እርስዎ መስኮት ማምጣት ብቻ ነበር። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ያኔ እንደ ልባችን እንጠቀምባት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረጉልንን ሁሉ ቅሬታ ብዬ ለመጥራት አፍ የለኝም፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጨረታ ምን እንደሆነ ስላስተማሩን። ተጫራቾቹ አንዱ የሌላውን ዋጋ እያየ ሲጨምር እንደነበር በሰሙ ጊዜ መነጽርዎን አውልቀው፣ «ታዲያ ምስጢሩ የታለ? ፖስታው የት ታሽጎ፣ በማን ፊት ተከፈተ?» ብለው ሲጠይቁ እኔም፣ ሌንሳም፣ ኦቦ ጫምሳም የሠራነው ወንጀል ታየን። በአገራችንም ሐራጅ የሚባል፣ ሰው በአደባባይ እየጮኸ ዋጋ የሚጨምርበት ነገር እንዳለ በትሕትና ለማስታወስ ብሞክር፣ «እሱ ቤቱ ለዕዳ ለተያዘበት ሰው ነው» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። ስለዚህ በኢንተርኔት የወጣው ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ስለመለጠፉ ማስረጃ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ለተሸናፊዎችም በጽሑፍ ስለመገለጹ ማረጋገጫ እንድናመጣ አዘዙ። ሆላንዳዊቷ ያላስያዘችውን የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ በዝምታ ያለፉልን ከርኅራኄዎ ብዛት መሆኑ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴ እንድናቋቁም ስላደረጉን። እኔ ሰብሳቢ፣ ሌንሳ ጸሐፊ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ፎዚያ አባል ሆነን ተሰየምን። ኦቦ ጫምሳ የጥቅም ግጭት ስላለባቸው በገዛ ጌጣቸው ጉዳይ ውጭ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ሆኖም የፎዚያ ቤት በር በሙቀቱ የተነሣ አይዘጋምና፣ «የሚደግፍ» ስል እሳቸውም ከውጭ እጃቸውን አወጡ። ፎዚያ፣ «ኧረ አባባ፣ እርስዎ የሉም!» ብላ ተቆጣቻቸው፤ ስብሰባውን እንደገና ጀመርን። ቃለ ጉባኤውን ስናመጣ ደግሞ የክፍልዎ ባልደረባ አቶ ፈቃዱ አንብበው፣ በወንድማዊ ኀዘን፣ «ምን ነካችሁ? ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበችውን ነው እንዴ ያሳለፋችሁት?» አሉን። ዕድሜ ልኩን ወንበርና ወረቀት ሲገዛ ለኖረ መሥሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው እንግዳ ፍጡር መሆኑን መገመት ነበረብን። እኛ ገዢ ሳንሆን ሻጭ መሆናችንን ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅቷል፤ አቶ ፈቃዱ አሁንም ያመኑን አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ ለተሸናፊዎች የሚላከውን ደብዳቤ ናሙና ስለሰጡን። ናሙናው ለወንበር ግዢ የተዘጋጀ ቢሆንም አንዲት ቃል ሳንነካ፣ ወንበሩን በፈረስ ጌጥ ብቻ ተክተን፣ ሌንሳ ወደ እንግሊዝኛ መልሳው ላክን። በናሙናው መጨረሻ «ቅሬታ ካለዎት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያቅርቡ» የሚል አለ። ቶርቫልድ የሚባል ኖርዌያዊ ተሸናፊ ይህን ሲያነብ እጅግ ተደሰተ፤ በሕይወቱ ብዙ ጨረታ ተሸንፎ ማንም ቅር ብሎህ ይሆን ብሎት እንደማያውቅ ጻፈ። ቅሬታ እንደሌለው፣ ሆኖም ግብዣውን መናቅ ነውር ስለመሰለው አንድ ፈልጎ እንዳገኘ፣ እሱም «ግድግዳ ላይ ለሚሰቅሉ ሰዎች አይሸጥም መባሉ በግድግዳ ወዳጆች ላይ የተፈጸመ አድልዎ ነው» የሚል መሆኑን ገልጾ፣ በስተመጨረሻ ያቺን ቢጫ የምትስቅ ፊት አደረገበት። እርስዎ ቅሬታውን ተቀብለው መዝገብ ከፈቱለት።

አራተኛ፣ የምትስቀዋ ፊት በሕጋዊ ተርጓሚ እንድትተረጎም ስላዘዙ፤ ተርጓሚው «ፈገግታ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማህተም አድርጎልናል።

አምስተኛውን ለመጻፍ ጥቂት አመነታሁ። ቅሬታው እስኪጣራ ጌጡ በእርስዎ ጥበቃ ሥር እንዲቆይ ሆነ። መሳቢያ ውስጥ ቢገባ አበቦቹ ይጨፈለቃሉ፣ መሬት ቢቀመጥ አይጥ ያገኘዋል ብለው፣ ለጥንቃቄ ሲባል ከወንበርዎ በስተጀርባ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ በምስማር ሰቀሉት። ክቡር ሆይ፣ ሳይጫረቱ ያሸነፉ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ያውም ቶርቫልድ ቅሬታ ያቀረበበትን ቅድመ ሁኔታ ጥሰው።

ኦቦ ጫምሳ ይህን ካዩ ወዲህ በየጠዋቱ ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ። ጥበቃውን «አካም ቡልተኒ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው በክፍቱ በር ጌጡን ያያሉ። እርስዎ ባለጉዳይ መስለዎት ወረፋ ሊያስይዟቸው የፈለጉበት ቀን ነበር። አንድ ጠዋት በላስቲክ የተጠቀለለ ቅባት ይዘው ገብተው፣ «ጌታዬ፣ ቬንትሌተሩ ቆዳውን እያደረቀው ነው፤ ትንሽ ልቀባው?» ብለው ለምነዎት ነበር። «አባባ፣ ንብረቱ በሂደት ላይ ነው፤ መንካት አይቻልም» አሉዋቸው። ልክ ነዎት። የዚያን ዕለት ሽማግሌው ቅባቱን ይዘው ተመለሱና ሱቁ በር ላይ ቆመው ለሌንሳ፣ «ልጄ፣ ቃጭሏ ንፋስ ሲነካት ትጮሃለች፤ ሰውየው ይሰማው ይሆን?» አሏት። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ ይሰማዎታል?

ቶርቫልድ የቀለደው ቀልድ የደረሰበትን ሲሰማ ደንግጦ፣ «ይቅርታ፣ እባካችሁ ለባዝራዋ ላኩላት» ብሎ ቅሬታውን አነሣ። ቢሮዎም ለሌንሳ በቁጥርና በቀን፣ በሦስት ፊርማና በትልቅ ወይን ጠጅ ማህተም፣ «ቅሬታ አቅራቢው በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪሉ በኩል ቀርቦ ቅሬታውን እስካልሰረዘ ድረስ ንብረቱ ባለበት እንዲቆይ ተወስኗል» የሚል ደብዳቤ ሰጣት። «ባለበት» ማለት ምስማሩ ላይ ማለት መሆኑን ለኦቦ ጫምሳ የማስረዳቱ ሥራ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ተመርቷል።

አሁን የቀረን ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። እሽጉ እስከ ዓርብ ካልተነሣ የጨረታው ድረ ገጽ ሽያጩን ይሰርዛል፣ የሌንሳን መሸጫ ይዘጋል፤ ባዝራዋም ባዶ ግንባሯን ወደ በዓሉ ትሄዳለች። ጌጡ ለኦቦ ጫምሳ ይመለስላቸዋል፤ እሳቸው ግን የሚያስሩበት ግንባር የላቸውም። ፈረስ አልለመኑዎትም፣ ይቅርታም አልጠየቁዎትም። የለመኑዎት አንዲት የባሕር ማዶ እንስሳ በመንገድ ላይ ስትሄድ ያቺ ቃጭል እንድትጮህላቸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከወንበርዎ ተነሥቶ ዞር ማለትና እጅን ከራስ በላይ ማንሣት ነው። ይህ ከሥራ ዝርዝርዎ ውጭ ከሆነ ፎዚያ በርጩማ ይዛ ለመምጣት ፈቃደኛ መሆኗን በቃለ ጉባኤ አስመዝግባለች።

መሥሪያ ቤትዎ ለከተማችን ያበረከተውን ትዕግሥት፣ በተለይም እኛ እንድናፈራ ያስቻለንን፣ በልባችን ይዘን፣ መስኮትዎ ሳይዘጋ፣ ማህተምዎ ሳይደርቅ፣ ከግድግዳዎም በቀር ምንም የማይጎድልበት ዓርብ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

ሙሉብርሃን ዳዊ
ሹመቱ ያልተሻረ የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ጫምሳ (በቢሮዎ አግዳሚ ወንበር ላይ)
ለአቶ ፈቃዱ (ሻጮች መሆናችንን እንዲያውቁት)

ማሳሰቢያ፦ ሌንሳ ለቶርቫልድ ሁኔታውን ለማስረዳት የውሳኔ ደብዳቤዎን ፎቶ ብትልክለት፣ ሰውየው እንዲህ ያለ ማህተም አይቶ እንደማያውቅ ጽፎ ይሸጥ እንደሆን ጠየቃት። መሸጫዋ ሳይዘጋ ትናንት ደብዳቤውን ጨረታ ላይ አወጣችው፤ ዛሬ ጠዋት ላይ ዋጋው የፈረሱን ጌጥ ዋጋ አልፏል። እሽጉን ይዘን ወደ መስኮትዎ መምጣታችን አይቀርም፤ የዚህኛውን ቅድመ ሁኔታ ኦቦ ጫምሳ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉት፦ «ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ብቻ»።